ስለ ቤት መብራትና ስለ ማብሪያው

ኩራዝ የሚያበራ ሰው ሊተኛ ሲል እፍ ብሎ ያጠፋዋል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በኩራዙ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነጭ ጋዝና የተቃጠለ ክር ብቻ ስለ ሆነ፥ ማንም ሰው ያለ ሥጋት በእጁ ሊያነሣው፥ ክሩን ሊለውጥለት፥ ጋዝ ሊጨምርበት ይችላል። ፋኖስም ጧፍም እንደዚሁ ናቸው፤ ብርሃናቸውና አደጋቸው አብረው ይመጣሉ፥ አብረውም ይሄዳሉ። ሰው በዚህ ልማድ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ፥ «ጨለመ» ማለትና «ጠፋ» ማለት በአእምሮው አንድ ነገር ሆነው ቀርተዋል።

የኤሌክትሪክ መብራት ግን ይህን ልማድ አይከተልም። በግድግዳ ላይ ያለችውን ማብሪያ በጣት በነኳት ጊዜ የሚሄደው ብርሃኑ ነው እንጂ ኃይሉ አይደለም። ኃይሉ ከቆጣሪው ተነሥቶ በሽቦው ውስጥ እስከ ማብሪያዋ ድረስ ደርሶ፥ መንገዱ እስኪከፈትለት ቀንም ሌሊትም ቆሞ ይጠብቃል። ማብሪያዋ በማይገባት ሽቦ ላይ ተገጥማ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ኃይሉ ከዚያ አልፎ እስከ አምፑሉ መያዣ ድረስ ይገባና ጨለማ ለብሶ ይቀመጣል። ስለዚህ በቤቱ አዲስ መብራትና አዲስ ማብሪያ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ሁሉ ከመሣሪያው አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የጨለመ አምፑል ሁሉ ኃይል የተለየው አይደለም።

የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ በመጀመሪያ የታየውም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበር። ከዚያም በኋላ በአቃቂ ወንዝ ላይ በተሠራው በአባ ሳሙኤል ማመንጫ፥ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው በቆቃ ግድብ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀውም በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አማካይነት የአገሪቱ የኃይል መጠን እያደገ መጥቷል። የሕዳሴው ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ለማመንጨት የሚችል ነው። ዳሩ ግን ይህን ያህል ታላቅ ድካም ኃይሉን እስከ ቤት ደጃፍ ካደረሰው በኋላ የሚቀረው መንገድ ጥቂት ክንድ የሚሆን ሽቦ ነው። በግድቡና በታላላቁ መሥመር ላይ ብዙ መሐንዲስና ብዙ ሠራተኛ ሲጠብቀው የመጣው ኃይል፥ በዚህች በጥቂቷ መንገድ ላይ ያለው ጠባቂ የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው።

ነገሩን ለማስተዋል አሠራሩን መመልከት ይገባል። ወደ አንድ መብራት የሚሄዱት ዋናዎቹ ሽቦዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኃይሉን ይዞ የሚመጣው ሲሆን ሠራተኞች ፌዝ ይሉታል፤ ሁለተኛው ኃይሉ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የሚመለስበት ሲሆን ኒውትራል ይባላል። ከእነዚህ ሌላ ሦስተኛ የመሬት ሽቦ አለ። ይህ ሽቦ በደኅናው ቀን ምንም ሥራ የለውም፤ ልባሱ የተላጠ ፌዝ የመብራቱን የብረት አካል በነካ ጊዜ ግን ኃይሉን ተቀብሎ ወደ መሬት ይወስዳል፥ ባልቦላውም ወዲያው እንዲቆርጥ ያደርጋል።

ማብሪያ ማለት በዚህ መንገድ ላይ የተሠራች በር ናት። በሯ በፌዙ ላይ የተሠራች እንደ ሆነ፥ በተዘጋች ጊዜ ኃይሉ ከበሩ ወዲያ ይቀራል፤ አምፑሉና መያዣው ከኃይል ነጻ ይሆናሉ። በኒውትራሉ ላይ የተሠራች እንደ ሆነ ግን የተዘጋው መግቢያው ሳይሆን መውጫው ነው። ኃይሉ ገብቶ፥ በአምፑሉም ውስጥ አልፎ፥ መውጫ አጥቶ ይቆማል። አምፑሉ ይጨልማል። የቤቱም ሰው «አጥፍቻለሁ» ብሎ በወንበር ላይ ይወጣና የተቃጠለውን አምፑል ለመለወጥ እጁን ይዘረጋል። ጣቱ በመያዣው ውስጥ ያለውን ብረት በነካ ጊዜ፥ ኃይሉ ያጣውን መውጫ በሰውየው አካል በኩል ያገኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው፥ በሁለቱም አሠራር መብራቱ መብራቱና መጥፋቱ ነው። ልክ የሠራውም የተሳሳተውም ማብሪያዋን ሲጫን ክፍሉ ይበራል፤ ደግሞ ሲጫን ይጨልማል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ዋጋውን ይከፍላል። ጣራ የደፈነ ሰው ሥራው መልካም አለመሆኑን ዝናሙ ይነግረዋል፤ በር የገጠመ ሰው በሩ እምቢ ብሎ ያሳፍረዋል። የተሳሳተ የመብራት ገጣጣሚ ግን የሚያጋልጠው ነገር የለም። ስሕተቱ በግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ አሥር ዓመትም ይቀመጥና፥ ሠሪው በሌለበት፥ ምንም በማያውቅ ሰው ላይ ይገለጣል። ስለዚህ አምፑሉ መብራቱ ብቻ ለሥራው ትክክለኛነት ምስክር አይሆንም።

አንዳንድ ሰው «አምፑል ትንሽ ነገር ናት፥ ኃይሏስ ምን ያህል ነው?» ይላል። ይህን የሚል ሰው ቊጥሩን ቢመለከተው መልካም ነው። በኢትዮጵያ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው። በዚህ ኃይል የድሮው ዓይነት 60 ዋት አምፑል ሲበራ በሽቦው የሚያልፈው ወደ 270 ሚሊ አምፔር የሚጠጋ ነው። በሰው ደረት በኩል የሚያልፍ ከሆነ ግን ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር የሚሆነው እንኳ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ደግሞም ሰውን የሚመታው መጠን በአምፑሉ ትንሽነት የሚለካ አይደለም። ፌዙን በቀጥታ የነካ ሰው አካሉ የፈቀደውን ያህል ይቀበላል፤ የረጠበ እጅና በእርጥብ መሬት ላይ የቆመ ባዶ እግር ደግሞ ብዙ ይፈቅዳሉ።

እንግዲህ ሥራውን የሚጀምር ሰው በመጀመሪያ ኃይሉን ሊያቋርጥ ይገባዋል። ለዚህም ማብሪያዋን ማጥፋት አይበቃም፤ በቆጣሪው አጠገብ ወይም በቤቱ ውስጥ ካለው ሣጥን የዚያን መሥመር ባልቦላ ማውረድ፥ የትኛው እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነም ዋናውን ማውረድ ያስፈልጋል። በብዙ ከተሞች መብራት በሄደ ጊዜ «አሁን ኃይል የለም» ብሎ ሽቦ መፍታት የተለመደ ነው። ከዚህ የከፋ ማታለያ ግን የለም። የሄደው መብራት የሚመለስበትን ሰዓት ለማንም አይናገርም፤ ባልቦላውን ሳያወርድ ሽቦ የያዘ ሰው ሕይወቱን በማያውቀው ሰዓት ላይ አስይዟል። እንደዚሁም በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተ ሰብ አንዱን ቆጣሪ ተጋርቶ በሚኖርበት ስፍራ፥ አንዱ ያወረደውን ባልቦላ ሌላው «ምን ነካው?» ብሎ ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ጎረቤቱን ሁሉ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፥ በሣጥኑም ላይ ጽሑፍ መለጠፍ፥ ቢቻል ሣጥኑን መቈለፍ ወይም አንድ ሰው በአጠገቡ ማቆም ይገባል።

ባልቦላውን ካወረዱ በኋላም ቢሆን ማመን ሳይሆን መመርመር ነው የሚያስፈልገው። ለመመርመሪያ በብዙ እጅ የሚገኘው በውስጡ ትንሽ መብራት ያለበት ቴስተር ነው፤ ነገር ግን ይህ መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ስለሚያሳስት፥ ሁለት ጫፍ ያለው የቮልት መለኪያ ይመረጣል። መለኪያውን በመጀመሪያ ኃይል እንዳለበት በታወቀ ሶኬት ላይ መሞከር፥ ቀጥሎ በሚሠራበት ሽቦ ላይ መለካት፥ እንደ ገና ተመልሶ በታወቀው ሶኬት ላይ መሞከር የተገባ ነው። ሥራው የሌላ ሰው ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተበላሸ መለኪያ በሞተ ሽቦም በሕያው ሽቦም ላይ ዝም ይላልና። ዝምታው እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው መናገር ሲችል ዝም ካለ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ አሮጌው መብራት ይፈታል። ሳይፈታ አስቀድሞ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት መጥቶ ወዴት እንደ ገባ በወረቀት ላይ መሣል፥ በናስትሮም ቁራጭ ምልክት ማድረግ ብልኅነት ነው። ስለ ሽቦ ቀለም በብዙ አገር የጸናው የአሁኑ ዘመን ደንብ ቡናማው ለፌዝ፥ ሰማያዊው ለኒውትራል፥ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ለመሬት እንዲሆን ያዝዛል። በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ግን ቀዩ ለፌዝ፥ ጥቁሩ ለኒውትራል ሆኖ ይገኛል፤ ሠራተኛው በእጁ የነበረውን ሽቦ ሁሉ ያለ ልዩነት ያስገባበት ቤትም አይታጣም። ይልቁንም ወደ ማብሪያዋ ከሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ሰማያዊ ቢሆን እንኳ፥ ከማብሪያዋ ወደ አምፑሉ የሚመለስ ፌዝ ሊሆን ይችላል እንጂ የግድ ኒውትራል አይደለም። ስለዚህ ቀለም ልማድ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው መለኪያው ነው።

አዲሱ ሲገጠም ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ፌዙ በመጀመሪያ ወደ ማብሪያዋ ይገባል፤ ከማብሪያዋ የወጣው ወደ አምፑሉ መያዣ ይሄድና በመካከል ባለችው የናስ ምላስ ላይ ይታሰራል። ኒውትራሉ ማብሪያዋን ሳይነካ በቀጥታ መጥቶ፥ አምፑሉ ተሽከርክሮ በሚገባበት ጥርስ ባለው ዙሪያ ላይ ይታሰራል። እነዚህ ሁለቱ ከተለዋወጡ መብራቱ መብራቱን አይተውም፤ ነገር ግን አምፑሉን የሚያሽከረክር ሰው ጣቱ በቀላሉ የሚነካው ዙሪያው ስለ ሆነ ኃይሉ በዚያ ይጠብቀዋል። የመብራቱ አካል ብረት ከሆነ የመሬቱ ሽቦ በተመለከተለት ብሎን ላይ ይታሰራል። «ትርፍ ሽቦ ነው» ብሎ ቈርጦ የሚጥለው ብዙ ነው፤ እርሱ ግን በቤቱ ካለው ሽቦ ሁሉ ለሰው ሕይወት ሲባል ብቻ የተዘረጋ ነው።

ሽቦው ለመብራት ብዙውን ጊዜ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ሲሆን፥ ለሶኬት 2.5 የሆነው ይዘረጋል። ጫፉ ሲላጥ መዳቡ በማያያዣው ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲገባ፥ በውጭም ራቁቱን እንዳይታይ ልክ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ሽቦውን በእጅ ሳብ አድርጎ መፈተን ይገባል። ልል የሆነ መገጣጠሚያ ኃይሉን ስለሚያስጨንቀው ይግላል፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይላላል፤ ሲላላም ይበልጥ ይግላል። በብዙ ቤት የሚነሣው እሳት መነሻው ይህ ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ ጠቅልሎበት በግድግዳ ውስጥ መቅበር ወይም በኮርኒስ ላይ መተው በፍጹም አይገባም፤ ናስትሮው በሙቀትና በአቧራ ብዛት ይላቀቃልና። መገጣጠሚያ ሁሉ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፥ በማያያዣ ታስሮ፥ በኋላ የሚመጣ ሰው ከፍቶ ሊያየው በሚችልበት ስፍራ መሆን አለበት።

ይህ ነገር በጭቃ ቤትና በአቡጀዲ ኮርኒስ ዘንድ እጥፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጭቃው ግድግዳ በውስጡ ጭድና ደረቅ እንጨት አለበት፤ በአቡጀዲው ላይ የብዙ ዓመት አቧራ ተከማችቶበታል፤ በመካከሉም አይጥ ይመላለሳል፥ የሽቦውንም ልባስ ይበላል። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ቤት ሽቦው ራቁቱን በምስማር ተይዞ ሳይሆን በቱቦ ውስጥ አልፎ ሊሄድ ይገባዋል።

የመብራቱም ክብደት ሊታሰብበት የሚያስፈልግ ነው። ጌጠኛ መብራት ገዝቶ በሽቦው ብቻ የሚያንጠለጥል ሰው ሽቦውን ያልተፈጠረበትን ሥራ አዝዞታል። ሽቦ ኃይል ይሸከማል እንጂ ብረት አይሸከምም። ክብደቱ በኮርኒሱ ቀጭን እንጨት ላይ ሳይሆን በወራጁ ወይም በሲሚንቶው ጣራ ላይ በተመታ ጠንካራ መንጠቆ መያዝ አለበት።

ስለ ማብሪያዋም ጥቂት መናገር ይገባል። ማብሪያ ስትጫን ጠቅ የምትለው ለጌጥ አይደለም። በመጀመሪያው ዘመን የነበሩት ማብሪያዎች ቀስ ብለው ሲከፈቱ በሁለቱ ብረቶች መካከል የእሳት ብልጭታ ይዘልቅና ብረቱን ይበላው ነበር። ጆን ሄንሪ ሆልምስ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በኒውካስል ከተማ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. ብረቶቹን በሞላ ጕልበት በቅጽበት የምታለያይ ማብሪያ አወጣ። የዛሬዋም ማብሪያ ድምፅ ከዚያ የወረደ ነው። ስለዚህ ስትጫን የምትንጣጣ፥ የምትግል፥ ወይም መካከል ላይ የምትቆም ማብሪያ ሞላዋ የደከመ ወይም ማሰሪያዋ የላላ ስለ ሆነ ሳይውል ሳያድር ልትለወጥ ይገባታል። ስፍራዋም ከመግቢያው አጠገብ፥ በሩ ሲከፈት በማይሸፍናት በኩል ይሁን፤ የመታጠቢያ ክፍል ማብሪያ ግን እርጥብ እጅ እንዳይነካት ከክፍሉ ውጭ ብትሆን ይሻላል።

ባልቦላም የሚናቅ አይደለም። መብራት በበዛበት ቤት ባልቦላው ደጋግሞ ሲቈርጥ ያየ ሰው ተቈጥቶ በቀጭኑ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ያስርበታል፤ «እንግዲህ አይቈርጥም» ብሎም ይደሰታል። በእውነትም አይቈርጥም፤ ነገር ግን ሊቈርጥ የተሾመው ዘበኛ ስለ ታሰረ ከእንግዲህ የሚቃጠለው በግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ለመብራት መሥመር በተለመደው 10 አምፔር የሆነው ይበቃል። ከዚህም ሌላ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኃይል ከመንገዱ ወጥቶ ሲፈስ ወዲያው የሚቈርጥ መሣሪያ በገበያ ላይ አለ። ይህ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት የሚያልፈውን ሳይቀር ስለሚያውቅ፥ ለአንድ ቤት ከሚገዛው ጌጥ ሁሉ በፊት ሊገዛ የሚገባው ነው፤ በላዩ ያለችውንም የመፈተኛ ቍልፍ በየጊዜው መጫን ያስፈልጋል።

ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የሚቀረው ፈተና አንድ ነው። አምፑሉ ከመያዣው ወጥቶ፥ ባልቦላው ተነሥቶ፥ ማብሪያዋ ጠፍታ ሳለች፥ በመያዣው መካከል ያለችው ምላስ በመለኪያ ትታያለች። ኃይል ከተገኘባት በሩ በመውጫው ላይ ተሠርቷልና ባልቦላው ወርዶ ሽቦው ሊታረም ይገባል። ይህን መለካት የማይችል ሰውም ቢሆን አንድ ምልክት ሊመለከት ይችላል። ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው የአዲሱ ዘመን አምፑል ማብሪያዋ ከጠፋች በኋላ በጨለማ ደብዘዝ ብሎ ሲበራ ቢታይ፥ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ቢችል ቅሉ፥ ማብሪያዋ በኒውትራሉ ላይ ሳትሆን እንዳልቀረች አስጠርጥሮ ሊያስመረምር ይገባል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ማለት ሁሉ ሰው በገዛ እጁ ይሥራ ማለት አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ ያልተማረ እጅ በሽቦ ላይ አይዘርጋ። ከሣጥኑ አዲስ መሥመር ማውጣት፥ ልባሱ የተሰባበረ አሮጌ ሽቦ መለወጥ፥ ውኃ በሚገባበት ግድግዳ ላይ መሥራት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ሠራተኛ ሥራ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የሚያውቅ ሲሆን ሠራተኛው ይጠነቀቃል። «ማብሪያዋን በየትኛው ሽቦ ላይ አስገባህ? የመሬቱን ሽቦ ወዴት አሰርኸው? መገጣጠሚያው በየትኛው ሣጥን ውስጥ ነው? እስቲ ለክተህ አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም፤ መልካም ሠራተኛንም አያስቈጣም። እንዲያውም ለመልካሙ ሠራተኛ ክብሩ ይህ ነው፤ ሥራው ከለሰነው በታች ገብቶ ሳይሰወር ዐይቶ የሚመሰክርለት ሰው አግኝቷልና።

በመጨረሻም ሊታሰብ የሚገባው፥ በቤት ውስጥ አምፑል የሚለውጠው ሽቦውን የዘረጋው ሰው አለመሆኑ ነው። ወንበር ስባ የምትወጣው እናት፥ የቤት ሠራተኛዋ፥ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ፥ ወይም ከዓመታት በኋላ ቤቱን የሚከራየው የማይታወቅ ሰው ነው። እነዚህ ሁሉ ማብሪያዋን አጥፍተው «ጠፍቷል» ብለው ያምናሉ። እምነታቸው እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው፥ አንድ ቀን አንድ ሰው በካቻቢቴ አንዱን ሽቦ ከሁለቱ መርጦ ባሰረበት ሰዓት ነው።